የማያልቀው ኳስ

ልብስ ሰፊዋ ስለ ቴኒስ ጨዋታ የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለ ቴኒስ ኳስ ግን ጠይቋት፣ ታደክማችኋለች። አባቷ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚራመዱት ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ይዘው ነው። ሐኪሙ «በየቀኑ ይራመዱ፤ ካቆሙ መነሳት ያቅትዎታል» ብሏቸዋል። ብረቱ ግን ወለሉን ሲፍቅ ጆሮ ይበሳል። ከታች ያለችው ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ስትጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ የቴኒስ ኳስ በመቀስ እየቀደደች ለአራቱም እግር አጠለቀችለት። ቤቱ ጸጥ አለ።

ችግሩ ኳሱ ማለቁ ነው። የርካሹ ኳስ ሱፍ ስስ ስለሆነ ቶሎ ተልጦ ጎማው ይወጣል። ከሜዳ የተለቀመው አሮጌ ደግሞ ገና ሲያጠልቁት ይተረተራል። እሷም ነገር ከያዘች አትለቅም፤ ኳሱን እንደ ጨርቅ በጣቷ እያሸች፣ በጥፍሯ እየፋቀች ስትመርጥ የስፖርት ዕቃ ባለሱቁ ገረመው።

«ለመሆኑ ማነው የሚጫወተው?»

«አባቴ ናቸው።»

«በዚህ ዕድሜያቸው? ጀግና ናቸው በያ!»

አላረመችውም፤ እንዲያውም ደስ አላት።

በመጨረሻ ሱፉ ጥቅጥቅ ያለ ወፍራም ኳስ አገኘች። ወሩ አለፈ፣ ሌላም ተከተለ፤ ኳሱ ግን ወይ ፍንክች! ለአባቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ስፌት ቤት ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አፏን ሞልታ አወራች። ባለሱቁም ይስማ ብላ ሄደች።

«ያ ኳስህ ጉድ ነው፤ እስካሁን እንደ አዲስ ነው!»

ባለሱቁ ሳቀ። «ጥሩማ ጥሩ ነው። ግን እኮ ከተጫወቱበት የማያልቅ ኳስ የለም። አባትሽ መጫወት ትተው እንዳይሆን።»

ክው አለች። እሷ ስፌት ቤት ውላ ስትገባ አባቷን የምታገኛቸው ሁልጊዜ ወንበራቸው ላይ ነው። ያን ቀንም ቤት ስትደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ምርኩዙ ግድግዳው ጋ ቆሟል።

«አባባ፣ እኔ ሥራ ስሄድ አይራመዱም እንዴ?»

አባቷ አቀረቀሩ። «መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ... በኳሱ እንዲያ ደስ ብሎሽ ሳይ ልጨርስብሽ አልፈለግኩም።»

በዚያች ወሬኛ ምላሷ ተናደደች። ምርኩዙን አምጥታ ፊታቸው አቆመችና ብብታቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው።

«በቃኝ ልጄ፣ ልቀመጥ።»

«አይቀመጡም» አለች እንባዋ እየወረደ። «ይሄን ኳስ ይጨርሱልኝ።»

አባቷ ምርኩዙን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።