እህቴ የሳቀችበት እሑድ

እህቴን የማያውቅ ሰው አውቶቡሴ ላይ ከተሳፈረ፣ ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ያውቃታል። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ታናሼ ደግሞ እግሩን ላጣ ሰው እግር ትሠራለች።

ሙያውን የተማረችው ባሕር ማዶ ነው። የሄደች ቀን እናታችን ሻንጣዋን በሹራብና በብርድ ልብስ ስትጠቀጥቅ፣ እኔ ከጎን አንድ የቀልድ መጽሐፍ ሻጥ አደረግሁላት።

"ጋሼ፣ የምሄደው ልማር እንጂ ልስቅ ነው እንዴ?" ብላ አፈጠጠችብኝ።

"ዝም ብለሽ ያዥው" አልኳት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንገት አስደፏት። መምህሩ ከሚናገረው ጆሮዋ የሚይዘው ግማሹን ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ጄሶ አምጪ ስትባል መጋዝ ይዛ ትመጣለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የጎረቤት ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ መስኮት ነበረው። ስትደውል "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ድምጿ ግን ያሳብቅባታል። አንድ ቀን እናታችን ስልኩን ስታቀብለኝ፣ "ጋሼ፣ ሆዴ ባባ። ልመለስ ነው፤ እንዳትቆጣኝ" አለችኝ።

"አልቆጣም። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺ" አልኳት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ልብሷን ልታጥብ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ማሽኑ እስኪጨርስ ብላ የያዘችው ያንኑ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ የበሩን ቁልፍ ራሴ እጠግናለሁ ብሎ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት ስለ ቀረ አንድ ሰውዬ ያወራል። ጎረቤት ሁሉ መስኮቱ ሥር ተሰብስቦ ምክር ይወረውርለታል፤ አማቱ ደግሞ "ድሮም ለልጄ አይሆናትም ብዬ ነበር" እያለች ምሳውን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አንጠልጥላ ታቀብለዋለች። እህቴ እዚያ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። "የሰፈራችን ሰዎች አጠገቤ ቆመው የሚያወሩ መሰለኝ፤ ስስቅ እንባዬም አብሮ መጣ" ብላኛለች በኋላ።

እዚያው ወለል ትወለውል የነበረች ጠና ያለች የጽዳት ሠራተኛ፣ "ምን አግኝተሽ ነው?" አለቻት። እህቴ ልታስረዳት ሞከረች። "አማት" የሚለውን ቃል ግን በዚያ አገር ቋንቋ አታውቀውም። ተነሥታ ወገቧን ያዘች፣ ከንፈሯን አሾለች፣ የሴትዮዋን መወልወያ ነጥቃ በእንጨቱ ምሳ አቀበለች።

"ውይ! ቁርጥ የባሌን እናት!" ብላ ሴትዮዋ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ቃሉን ነገረቻት፤ "እሑድ ደግሞ ሌላ ታወሪልኛለሽ" ብላም ቀጠረቻት።

ከዚያ ወዲያ የመመለስ ነገር አልተነሣም። ሳምንቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ትሰነብትና እሑድ አንድ ምዕራፍ ትተርካለች። ሴትዮዋ ከሳቀች ነገሩ ገብቷታል፤ ካልሳቀች ዓረፍተ ነገሩ ይታረማል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ውሎ አድሮ አድማጮቹ ሰባት ደረሱ፤ በመጋዙ የሳቁባት ልጆችም የልብስ ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በቃል ስትፈተን የጠየቋትን ሁሉ ሳትንተባተብ መለሰች። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ ብላችሁ ብታወሩልኝ ግን አልቀየምም።

አሁን ወደ አገሯ ተመልሳ ሆስፒታል ውስጥ የራሷ ወርክሾፕ አላት። ባለፈው ሳምንት ጎራ ስል፣ ከሕንጻ ወድቀው ግራ እግራቸውን ላጡ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አዲሱን እግር እያጠበቀችላቸው ነበር።

"አባባ፣ ይቆረቁርዎታል?"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ ከዋናው ይሻላል!" አሉና ተነሡ። በሩ ድረስ ሄዱ፤ ከዚያም ኮሪደሩን ይዘው ወጡ። ክራንቻቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ።

እህቴ አንሥታው ተከተለቻቸው። "አባባ! ክራንችዎን!"

"ለሚፈልገው ስጪው!" አሉ ዞር እንኳ ሳይሉ።

እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። እሷ ግን ክራንቹን ታቅፋ የሕንጻው መውጫ ደረጃ ላይ ቆማ አረማመዳቸውን በዓይኗ ትለካ ነበር።

"ግራው ትንሽ ይጎትታል" አለች ቅንድቧን ሰብስባ። "ጋሼ፣ ሩጥና ጥራልኝ፤ እንዲህ ሆነው አይሄዱም።"

ሮጥኩ።