ውሃ ልክ የሚጠይቀው ጥያቄ

ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት፤ ወለል በዓይኑ አይቶ ብቻ ወዴት እንዳዘነበለ ስለሚናገር። መሐንዲስ በራሱ ፊርማ ሕንፃ ከማሠራቱ በፊት ተፈትኖ ይመዘገባል፤ ውሃ ልክም ከፈታኞቹ ጋር ለዓመታት ተቀምጧል። የዚህ ፈተና ግሩምነቱ ስሌት አለመጠየቁ ነው፤ ስሌቱ ትምህርት ቤት አልቋል። የሚመዘነው ሌላ ነው፦ ሰውየው የችሎታውን ድንበር ያውቃል ወይ? ድልድይ የሚያውቅ ሁሉ ግድብ አያውቅምና። ውሃ ልክ ታዲያ አንድ ጥያቄ አለችው። «የማትችለው ምንድን ነው?» አፉን ሞልቶ «ምንም» ያለ ወደቀ ማለት ነው።

ዘንድሮ የእሱም ምዝገባ ማደሻ ደረሰ፤ አሁን ተፈታኙ እሱ ነው። እንደ እሱ መሐንዲስ የሆነች ልጁ ግን ስጋት ገብቷታል። ጠረጴዛው ላይ ፊርማውን የሚጠብቅ የክሊኒክ ንድፍ አለ፤ የደረጃውን ብረት ደጋግሞ አስልቶ በየጊዜው የተለያየ መልስ አገኘ፤ ሁሉንም ትክክል ነው አላት። ስህተቱን ስታሳየው ተቆጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«አባዬ፣ ፊርማህ ላይ እኮ በሽተኛ ነው የሚወጣው» አለችው። ንድፉን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

በፈተናው ቀን የፈታኞቹ ሰብሳቢ የቀድሞ ተማሪው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ስለ ጤናው ጠየቀው፣ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ዋናውን ነገር ግን ይሸሻል።

«ጋሼ፣ መቼም እርስዎን…»

«ጠይቅ። ለሌላው ያልቀረ ለእኔ አይቀርም።»

«የማይችሉት ምንድን ነው?»

ውሃ ልክ «ምንም» ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። ደረጃው ትዝ አለው፤ የልጁም ፊት።

«ትናንት ያሰላሁትን ዛሬ አላስታውስም» አለ። «መሳሳቴንም አላውቅም፤ ልጄ ናት የምትነግረኝ። ሰርዙኝ።»

ሰረዙት። የክሊኒኩን ንድፍ ልጁ ተረከበች። ውጭ ከጠበቀችው ልጁ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ እንዲያውም ቀለደ፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ስጥል ኖሬ ዛሬ ራሴን ጣልኩ አላት። እሷም ከልቧ ሳቀች፤ ክፉው ቀን አለፈ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ከረባቱን አስሮ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። ፈተናው እንዳይረፍድበት ቸኩሏል። ቀስ ብላ አስቀምጣ ስሙ ከመዝገብ መውጣቱን ነገረችው። ፊቱ ባንዴ ጠቆረ።

«ማን ነው የሰረዘኝ?»

«አንተው ነህ፣ አባዬ።»

አላመናትም።