ጠበል የጠጣው በር

እናቴ በር የምትዘጋው ጅብ ሲመጣ ነው። ጅቡ ሲሄድ ትከፍተዋለች። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ቤቷ ክፍል የለውም፤ ሰውም ጥጃም እህልም በአንድ ጣሪያ ሥር ይተያያሉ። ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ በመጣች ቁጥር ሁለት ቀን ታድርና በሦስተኛው ዶሮዎቿን ታስታውሳለች። ዶሮዎቹን ጎረቤት እንደሚያበላቸው እሷም እኔም እናውቃለን።

ባለፈው ክረምት ደጃፏ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ጎረቤት ከገበያ እስኪመለስ እዚያው ጭቃው ላይ ቆየች። በማግስቱ ደርሼ እንዴት እንደነበረች ብጠይቃት «ሰማይ ሳይ ዋልኩ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አንድ ነበር። ሌላ ክረምት ሳይገባ እናቴ እኔ ዘንድ መጥታ እንድትቀር።

ቤቴ የጭቃ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ግን ሰፊ ነው። ግማሹን በችፑድ አስከፍዬ መኝታ ላደርግላት ወሰንኩ። በር ያስፈለገው ለክብሯ ነው እያልኩ ለሰው እናገር ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉም አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ባዘሉበት ዕድሜ ነውና፣ ማታ ማታ ሳላነብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ታሟል ብላ የምታምን ሴት ናት። መጽሐፍ ይዤ ካየችኝ «ምን ሆነሻል?» ትላለች። ምንም አልሆንኩም ብላት ታዝንልኛለች።

በሩ ከምን ይሠራ የሚለው ብዙ አሳሰበኝ። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ይመታና በጋ ሲገባ ይጣመማል። የሰፈሬን በሮች አስተውያቸዋለሁ፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለው የሰው ወሬ የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ዋንዛ እንደ ልብ አይገኝም። አናጢው፣ ከእኔ ይልቅ በራሱ የሚተማመን ወጣት፣ ኤም ዲ ኤፍ ይሻላል አለ።

«ቀጥ ያለ ነው ቲቸር። ቀጥ ብሎ ተወልዶ ቀጥ ብሎ የሚሞት።»

እኔ ቲቸር አይደለሁም፤ የምሠራው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቢሆንም ቀጥ ያለ ነገር እወዳለሁ።

ቡሬ ሄጄ ገዛሁት። ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የጃንጥላ ሥዕል አለ። የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ ሥዕልም ቢሆን። ሻጩን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እርጥበት አይወድም።»

«ምን ያህል አይወድም?»

«ድመትን ያውቃሉ አይደል? እንደዚያ።»

ግንቦት እያለቀ ነበር፤ በሽንዲ በኩል ደመናው ጠቁሯል። በሩን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በገመድ ሦስት ቦታ አሳስሬ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ሲጫን አይተው ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የማናችሁ ነው?» አሉኝ።

«በር ነው አባባ።»

«በር እንዲህ ተገንዞ አይቼ አላውቅም» አሉ።

እናቴ ክፍሉን ልታይ የመጣችው በሩ በተገጠመ ማግስት ነው። አናጢው ጥጋ ጥጉን እያስተካከለ ነበር። በሩን በጣቷ አንጓ አንኳኳችውና ጆሮዋን አስጠጋች።

«ኸምን ተሠራ?»

«ከሰጋቱራ ነው እማማ» አለ አናጢው። «በኮላ ተለውሶ፣ በማሽን ተጨምቆ። ምስጥ አይበላውም።»

«ምስጥ ያልበላው እንጨት ስላልሆነ ነው።» ትንሽ አሰበችና «የእንጨት በሶ ነዋ» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ኸቤት ውስጥ ሌላ በር ምን ያደርጋል? ኸማን ጋር ተጣላን?»

ሆኖም ክፍሉን ዞራ አየችው፤ አልጋው ላይም ቁጭ አለች። የነፍስ አባቷ መጥተው ጠበል ከረጩበት እስከ መስከረም ለመቆየት «እናያለን» አለች። እናቴ ስለ መቆየት «እናያለን» ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ ግን የጃንጥላውን ሥዕል አየሁት።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ለዚያች ቀን በሩን ማስነቀል ነበር። አናጢው ማጠፊያውን መፍታት ሲጀምር እናቴ ደረሰችበት። «መግቢያው ሳይባረክ ውስጡ ቢባረክ ምን ይረባል?» አለችው። መልሶ አጠበቀው፤ እሷም የነፍስ አባቷን ይዛ ልትመለስ በማግስቱ ወደ ቤቷ ሄደች። ቄሱን በሩን አይንኩብኝ ማለት ደግሞ አይቻልም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ሙሉ አይነገርም፤ ጫፉን ይነካሉ፣ ጨዋ ሰው ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

የነፍስ አባቷ ትከሻቸው የሰፋ፣ እጃቸው ስስት የማያውቅ አባት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር ሲደርሱ ደጅ ድረስ ወጥቼ ተቀበልኳቸው። መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ፣ ለቀናት ሳዘጋጀው የሰነበትኩትን ተናገርኩ።

«አባቴ፣ ሌላው ሌላው ደህና ነው። ያ በር ብቻ ደካማ ነው፤ ብዙ ነገር አይችልም።»

እኔን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እፎይ አልኩ።

ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ አራቱን ማዕዘን ለስለስ አድርገው ረጩ። እናቴን ራሷ ላይ፣ መጻሕፍቴን ከሩቅ። የጠበሉ ጆግ ግማሽ ሲሆን ወደ በሩ ተመለሱ።

«ደካማ ያልሽው ይኸ ነው አይደል?»

«አዎ አባቴ።»

ከላይ እስከ ታች አፈሰሱበት። ከዚያ አዙረው ጀርባውን። የቀረውን ማጠፊያው ሥር ጨርሰው «አሁን ይበረታል ልጄ» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከሸኘናቸው በኋላ ጨርቅ ይዤ ብነሣ እናቴ «ጠበል በጨርቅ ይጠረጋል? ተይው፣ ይጠጣው» አለች።

ጠጣው።

ጠዋት ስነሣ የበሩ ግርጌ እንደ ረጠበ ድፎ አብጧል። ከመቃኑ አንድ ክንድ ሲቀረው ወለሉን ነክሶ ቆሟል። በትከሻዬ ገፋሁት። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች፤ በክፍተቱ ወንበሬም፣ ጠረጴዛዬም፣ መጽሐፌም ይታዩዋታል።

«አይዘጋም?» አለች።

«አይዘጋም።»

«ይከፈታልስ?»

«አይከፈትምም። እንዲሁ ነው።»

«ጎሽ» አለች።

አናጢው መላጊያውን ይዞ መጣ። ተንበርክኮ ግርጌውን ዳሰሰ።

«ቲቸር፣ ይኼ ውሃ ነክቶታል።»

«ጠበል ነው» አለች እናቴ ከአልጋዋ።

አናጢው መላጊያውን አየ፤ እሷን አየ።

«ጠበል የጠጣ ነገር አይላግም ልጄ።»

«እሱስ ልክ ነዎት» ብሎ መላጊያውን ወደ ማዳበሪያው መለሰ። ደጅ ስሸኘው ግን ቀስ ብሎ፣ ቢደርቅም ወደ ነበረበት እንደማይመለስ፣ አዲስ መግዛት እንደሚሻል ነገረኝ። እናያለን አልኩት።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ጠዋቱን ሁሉ ዶሮዎቹን እስክታነሣ ስጠብቅ ቆየሁ። ቁርስ በላች፣ ዳዊቷን ተሳለመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። የዶሮ ስም አልተነሣም። ማታ መጽሐፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል?» አለች በክፍተቱ።

«እያነበብኩ ነው።»

«ታዲያ ለብቻሽ ነው? ድምፅ አውጪበት እንጂ፤ እኔም ልስማ።»

ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩላት። ትንሽ እንደሄድኩ አልቻልኩም፤ ቆም አልኩና «ዶሮዎቹስ?» አልኳት።

«ጎረቤት ያበላቸዋል» አለች። «ቀጥይ።»

አሁን ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም። በሩ እዚያው ቆሟል። ሳሎኑን አቋርጬ ስሄድ በጎኔ አልፈዋለሁ። ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ሲደክመኝ አንድ ሁለት አንቀጽ የማልፍበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ «ዘለልሽ» ትለኛለች፤ ተመልሼ አነባለሁ።