«እኛ ጋ ይከፈታል»

ሉሲ መሸሻ የቀራንዮ ልጅ ናት፤ ሥራዋ የክፍለ ከተማችንን ካርታ ኢንተርኔት ላይ መጫን ነው። ስድስት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ስሠራ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም። ቢሮ ውስጥ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሰፈራችን አዲስ መንገድ ሊወጣ ሆነና፣ የሚነኩት ቤቶች ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ በቀይ መስመር ታይተው ድረ ገጻችን ላይ ወጡ። ቅሬታ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ያመልክት፤ ያላመለከተ እንደተስማማ ይቆጠራል ተባለ። ፎቶው ደግሞ አንድ ወጥ፣ ስምንት መቶ ሜጋባይት! ኧረ በማን ስልክ ነው የሚከፈተው?

በሦስተኛው ቀን እትዬ እሙ የሚባሉ እናት መስኮታችን ላይ መጡ። «ልጆቼ፣ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ቤቴ ይነካል ወይስ አይነካም?»

አለቃችን አቶ ፈቀደ ቀና እንኳ አላሉም። «እኛ ጋ ይከፈታል። ስልክዎን ይቀይሩ።»

ሉሲ ሮጣ ብትወጣ በታክሲ ሄደዋል። ተመልሳ ሥራ ጀመረች። ፎቶውን ትናንሽ ካሬ አድርጋ ቆራረጠችው፤ ስልኩ የሚታየውን ቁራጭ ብቻ እንዲያመጣ። እያንዳንዱንም ቁራጭ አቅልላ አስቀመጠችው። ፌርማታው ጋ ቆመን በእኔ አሮጌ ስልክ ስንሞክረው በሦስት ሴኮንድ ተከፈተ፤ የማን ጣሪያ እንደሆነ ይለያል።

አቶ ፈቀደ ግን ግድግዳ በሚያክለው ስክሪናቸው አጉልተው፣ አጉልተው፣ አንዲት ደብዘዝ ያለች ዛፍ አገኙ። «ጥራቱ ቀንሷል! ይኼን ለበላይ አካል አላሳይም!» አይ አለቃ! ሰው ቤቱን ሊያጣ ነው፣ እሳቸው ቅጠል ይቆጥራሉ። ደሜ ፈላ። ሉሲ «እሺ» ብላ ተቀመጠች፤ እሷም አናደደችኝ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ የበላዮቹ በተሰበሰቡበት፣ አቶ ፈቀደ ሪፖርት አነበቡ። «አንድም ቅሬታ አልቀረበም። ነዋሪው ተስማምቷል።» ተጨበጨበላቸው!

ያኔ ሉሲ ተነሳች። ካርታውን ለመክፈት የሞከረ ሁሉ ኮምፒውተራችን ላይ ይመዘገባል፤ ለካ መዝገቡን አትማ ይዛው ኖሯል።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ተሞክሯል» አለች። «እስከ መጨረሻው የተከፈተው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱም ከአቶ ፈቀደ ኮምፒውተር። ሰዉ አሥራ አምስት ቀን በራችንን ሲያንኳኳ ከርሟል፤ ያልከፈትነው እኛ ነን።»

ቀኑ እንደ አዲስ እንዲቆጠር፣ የሉሲ ካርታ እንዲወጣ ተወሰነ። እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ምን አገባቸው።

በማግስቱ እትዬ እሙ ያንኑ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቀዩ መስመር መኝታ ቤታቸውን ለሁለት ሰንጥቆታል። ስልኩን አቶ ፈቀደ አፍንጫ ሥር ደቀኑት።

«እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ነው ተስማምታለች ያላችሁብኝ?»