እጄን የጫንኩበት ወረቀት

ጻፊ ልጄ። እንደምልሽ ጻፊ፣ አታሳምሪልኝ።

ያኔ አንቺ ትንሽ ነበርሽ። አጎትሽ የሱቅ ደረሰኝ የመሰለች ጠባብ ወረቀት ይዞ መጣ። «እማዬ፣ እጅሽን ጭነሽ ጸልዪልኝ» አለኝ። «የምንድነው?» ስለው «የሥራ ነገር ነው» አለ። እኔ ፊደል የት አውቄ። እጄን ጭኜ እያለቀስኩ ጸለይኩ። ሳምንት ሳይቆይ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፤ ይሄው ከላያችን ያለው።

ምስማር የሚመታው ሰውዬ ከላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «እማማ፣ የፈረንጅ ኳስ እኮ ነው ቤትሽን ያለበሰልሽ!» አጎትሽን ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ቤቲንግ ነው ለካ፣ በኳስ ውጤት የሚቆመሩት ቁማር።

እሑድ በቤተክርስቲያን «ምስክርነት ያለው» ሲባል ዝም ማለት ነበረብኝ። ስንት ዘመን የሰው ምስክርነት ቁጭ ብዬ ስሰማ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ የኔን ይስሙ አልኩና ተነሳሁ። «ጌታ ለልጄ ሥራ ሰጠው፣ ቤቴን ከደነልኝ» አልኩ። ሃሌሉያው፣ እልልታው! ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽሽ።

በማግስቱ ጎረቤታችን መጣች፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያላት። ሙዙን በአህያ ጋሪ ገበያ የሚያወጣላት ልጇ ነበር። ከጉያዋ ወረቀት አወጣች። ያው ጠባቡ ወረቀት።

«እህቴ፣ ያንቺ ጸሎት ይሰማል። ለልጄም ሥራ ሊወጣለት ነው አሉ።»

አወቅሁት። ቁማር ነው ብላት የእሑዱ ውሸቴ ሊወጣ ነው። እጄን ጫንኩ። እሷ አሜን ትላለች፣ እኔ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ።

ልጁ ቆምሮ ገንዘቡን ተበላ። ደገመ፣ ደጋገመ። በመጨረሻ አህያዋን ከነጋሪው ሸጦ ያንንም ተበላና አፍሮ ጠፋ። እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። እሷ ሙዙን አሁን በጀርባዋ ነው የምታወጣው።

ኋላ ቀበሌ ሰበሰበን፤ ቁማር ቤቱ ይዘጋ ወይስ ቁጥጥር ይደረግበት ተብሎ። አንዱ ባለ ኮት «ልጆች እንዳይገቡ ከተከለከለ ይበቃል» አለ። እሷ ብድግ አለች።

«የኔ ልጅ እኮ ጢም አለው! ምኑን ከለከልክልኝ?»

ሰው ሳቀ። ወደ እኔ ዞራ «አንቺም ተናገሪ እንጂ እህቴ» አለችኝ። ተነስቼ «ይዘጋ!» ብዬ ጮህኩ። እንደኔ የጮኸ የለም። አጨበጨቡልኝ፣ እንደገና።

ዛሬም ይዘጋ ነው የምለው፣ ስልክ ውስጥ የገባውም ጭምር። ግን በምን አፌ? እሷ እኮ «አንቺማ ጸልየሽልኝ ነበር፣ የኔ እምነት ነው ያነሰው» ትለኛለች። ይቺ ቃሏ ናት የገደለችኝ።

ጨረስሽ? በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ። አሁን ቤቷ አለች። በአፌ ልንገራት ብዬ ስንቴ ደጇ ደርሻለሁ፣ ስለ ሙዝ አውርቼ እመለሳለሁ። አንቺ ይሄን የጻፍሽውን ታነቢላታለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። መሃል ላይ አቁሚ ብልሽም እንዳታቆሚ።