ጋቢውን ሳያወልቅ የተደባደበው ጀግና

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ለሙያዬ ነው እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሌላ ሰው ሥራ ሲብጠለጠል መስማት ደስ ስለሚለኝ ነው። በከተማችን ሬዲዮ ፊልም የሚገመግሙ አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉ። በየሳምንቱ አንድ ፊልም ያነሱና እንደ ተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይጥሉታል። ወደውት ያነሱት ፊልም ሰምቼ አላውቅም። ያን ቅዳሜ አዘዞ ባለችው ጠባብ ሱቄ ተቀምጬ በሰው ስልክ ላይ ፊልም እየጫንኩ ሳዳምጥ፣ የሳምንቱ ተረኛ የእኔ ፊልም ሆኖ አረፈው።

የእኔ ስል ሠራሁት ማለቴ አይደለም። የሠሩት ባሕር ማዶ ያሉ ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ ትርጉም ነው። ዋናውን ድምፅ ዝቅ አደርግና በላዩ ላይ ጀግናውንም፣ ክፉውንም፣ ሴትዮዋንም፣ ሕፃኑንም ሆኜ በአማርኛ እናገራለሁ። ከዚያ በፍላሽ ይባዛል፤ ሳንጃ ከተማ ይወርዳል፣ አይከል ይደርሳል። ሰሊጥ ሽጠው የሚመለሱ ሰዎች አውቶቡስ ላይ እያዩት ይሄዳሉ። መልኬን የሚያውቅ የለም። ድምፄን ግን አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

«ይህ ሰው ከደመና በላይ ይበራል። መልካም፣ ይብረር። ነገር ግን ትከሻው ላይ ቀይ ጋቢ ጣል አድርጎ ይደባደባል። ለመሆኑ ሰው ሊደባደብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጋቢውን አውልቆ አጠገቡ ላለው ሰው ያስይዛል። ይህን የማያውቅ ደራሲ በዕድሜው አንድ ጠብ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።»

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከዚያ በመሳቄ ተናደድኩ።

መምህሩ ግን ገና መሞቃቸው ነበር። ጀግናው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓለምን ሲያድን አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም አሉ። ድልድይ ላይ የተዋወቃት ልጅ ቀጥሎ ስትታይ ሆዷ ገፍቷል፤ በመሃል ምን እንደተፈጠረ ፊልሙ አይነግረንም አሉ። ጭራሽ ክፉውን ሰውዬ ከፎቅ ጫፍ አንጠልጥሎ ይዞት «ምነው አያ፣ ሸጋ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ማለቱ የሽማግሌ እርቅ እንጂ የጀግና ንግግር አይደለም አሉ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። «ምነው አያ» የእኔ ናት። ሰውዬው በራሱ ቋንቋ የተናገረው ነገር ለጆሮ የሚከብድ ዛቻ ስለነበረ ለጨዋ ሰው እንዲሆን አለዘብኩት። ከድልድዩ እስከ እርግዝናው ያለውንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ወደ አይከል የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቄስም አለ፣ አማትም አለች፤ ሾፌሮቹ ደግሞ መሳሳም የሚባል ነገር ካየን ፍላሹን በመስኮት እንወረውረዋለን ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ መሳሳሙን ስቆርጥ ሰርጉም አብሮ ተቆረጠ። መምህሩ የተተረጎመ ፊልም ማየታቸውን ያውቃሉ። ነገር ግን ተርጓሚ ከራሱ ይጨምራል፣ ያሻውን ይቆርጣል ብለው የሚጠረጥሩ ሰው አይደሉም። ጨዋ ናቸውና በደሉን ሁሉ በደራሲው ላይ ጫኑት።

አንድ ነገር ብቻ አመሰገኑ። በቀብሩ ትዕይንት ላይ ከሩቅ የሚሰማው ዜማ ልብ ይነካል፣ ዳይሬክተሩ እዚህ ጋ ጥበብ አሳይቷል አሉ። እሱ የአዘዞ ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ነው። ስቀዳ የሱቁን በር መዝጋት ረስቼ ገባ። ይህቺን እስካሁን አላስተባበልኩም።

በመጨረሻ ወደ ዋናው ክስ መጡ። «የጀግናው አባት ሊሞት ሲል፣ ልጁ ከሰማይ ወርዶ አልጋው አጠገብ ይንበረከካል። ልጁ ያወራል፣ ያወራል። አባትየው ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አባት ለልጁ የሚለውን ያጣ ደራሲ ብዕሩን ያስቀምጥ።»

እጄ ላይ የነበረው ስልክ የደንበኛ መሆኑን ረስቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

አባትየው በፊልሙ ውስጥ ይናገራል። አጭር ነገር ነው፤ «ኮራሁብህ» ይለዋል። ቋንቋው አልጠፋኝም። ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጬ ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። አባት ለልጁ ኮራሁብህ ሲል እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ገበሬ ስለ በሬው ሲለው ነው የሰማሁት። ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ እንደ ማስታወቂያ እየሆነ አስቸገረኝ። ሌላ ነገር ላስብለት ስል ደግሞ የራሴ አባት ይመጡብኛል። እሳቸው በጎንደር አንድ ደብር የመጻሕፍት መምህር ናቸው። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ተምሬ፣ ወንበራቸውን ይተካል ሲባል፣ አንድ ቀን ጠዋት ትቼ ወጣሁ። ያን ቀን አልተቆጡኝም፣ አልመረቁኝም፣ አልረገሙኝም፤ በሩን ብቻ ከኋላዬ ዘጉት። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እሄዳለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፣ እመለሳለሁ። ምን እንደምሠራም በደንብ አያውቁም ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ነኝ ብያለሁ። ስለ መሄዴ ምን እንዳሉ፣ ማለት ምን እንዳሰቡ፣ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር። እና የፊልሙን አባት ድምፅ ዘጋሁት። ሕዝቡ አያስተውልም ብዬ ነበር።

መምህሩ አስተዋሉ። አዘጋጁ «አስተያየት ያላችሁ ደውሉ» ሲል ደወልኩ።

«ሃሎ፣ አድማጫችን፣ ከየት ነው?»

«ከአዘዞ።»

 አዘጋጁ በቀስታ «ይቅርታ፣ ጀግናው ነህ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። አይደለሁም ብዬ ድምፄን አወፈርኩ።

«አሁን ደግሞ ክፉው ሰውዬ መጣ» አለ አዘጋጁ፤ ከጀርባው የሚስቁ ሰዎች ይሰማሉ። ሴት ልሁን ብዬ አሰብኩና እሷንም ያውቋታል ብዬ ተውኩት። አንዴ ከታወቅሁ በኋላ ማፈር ስለማይጠቅም ቀጥታ ወደ መከላከሉ ገባሁ።

«መምህር፣ ያ ጋቢ ሳይሆን የማዕረግ ልብሱ ነው። ካህናቶቻችን በጥምቀት ካባቸውን ለብሰው ያን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዱ የለም እንዴ? ሥራ ላይ ያለ ሰው ልብሱን አያወልቅም።»

«ካህናቱ አይደባደቡም።»

«ሁልጊዜ አይደለም» አልኩ።

አዘጋጁ ሳል ያዘው። መምህሩ ወደ ምግቡ ተሻገሩ። ጾም ላይ ነበር አልኳቸው። ፊልሙ ውስጥ ጾም የሚል ቃል የለም አሉ። «የሚጾም ሰው ለሰው ይናገራል እንዴ?» አልኩ። ስለ ነፍሰ ጡሯ ሲያነሱ ደግሞ መልሱ ቀድሞ አፌ ላይ ነበር። «መምህር፣ እኛስ አገር ቢሆን ሰርግ እንጠራለን፤ ከዚያ ክርስትና እንጠራለን። በመሃል የሆነውን ማን አሳይቶን ያውቃል?»

መምህሩ ራሳቸው ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሲስቁ የሰማኋቸው። ማሸነፌን አወቅሁ፤ እዚያው ላይ ስልኩን ብዘጋው ኖሮ እስከዛሬ እየጎረርኩ እኖር ነበር። ግን ደስታው ሞቅ አድርጎኝ፣ ሳልጠየቅ «የአባትየውም ዝምታ ሆን ተብሎ ነው» አልኩ። «አባት ነዋ። አባት እንኳን ሲታመም፣ ጤነኛ ሆኖም አይናገርም።»

«ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እኮ» አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ከቀድሞው ለስልሶ ነበር። «የተርጓሚው ድምፅ አንተ ከሆንክ ታውቃለህ። ምንድን ነው ያለው፣ ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ። ጀግናውም፣ ክፉውም፣ ሴትዮዋም፣ ማናቸውም አልደረሱልኝም። «ኔትወርኩ...» አልኩና ዘጋሁት።

ብዙ ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነበሩ። እኔ እደውላለሁ እንጂ እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም።

«ሬዲዮ ላይ ነበርክ» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና።»

በማግስቱ ስደርስ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስለ ዝናብ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ ዝናቡን ዘለሉት።

«ካህናት ሁልጊዜ አይደለም የማይደባደቡት ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«ያልከው ልክ ነው። በሬዲዮ ግን አይባልም።» ቀጠሉና «ጋቢውን ማውለቅ ነበረበት» አሉ። «እዚያ ላይ መምህሩ ረትተውሃል።»

ከዚያ የሚሞተውን ሰውዬ አሰማኝ አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ቦታውን ፈለግሁ። ምስሉን አላዩም። ስልኩን ሰው እንደደወለላቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከስልኩ ውስጥ የእኔ ድምፅ በቀጭኑ ይሰማኛል፤ ልጁን ሆኜ «አባ፣ ዘግይቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» እያልኩ ነው። ያን ንግግር ስቀዳ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በአባቴ ጆሮ ላይ ተለጥፎ ስሰማው የምገባበት ጠፋኝ። ቀጥሎ ዝምታው መጣ። ስልኩን ከጆሯቸው አልነቀሉም፤ ዝምታውንም እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ልጁ ይበራል ነው የምትለው?»

«ይበራል።»

«እየበረረ ሄዶ፣ ኋላ አባቱ ሳይሞት ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አባ።»

«ሸጋ አደረገ» አሉ። «አባትየውስ ምነው ዝም አለ?»

«እሱስ ይናገራል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የሚለውን በአማርኛ አጣሁለት።»

አባቴ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያደርጉት ጺማቸውን ያዙና መሬት መሬቱን አዩ። እሳቸው ዘንድ ትምህርት የሚያዘው በጆሮ ነው፤ መምህሩ አንዴ ይናገራል፣ ተማሪው ይይዛል፣ ደብተር የሚባል ነገር የለም። ሳስታውሰው ጀርባዬ እንደ ድሮው ቀጥ አለ።

«እንዲህ ይበል» አሉ። «ልጄ፣ የሄድክ ለታ በሩን የዘጋሁት እንዳትመለስ ብዬ አይደለም። ስትሄድ ላለማየት ነው።»

ከግንቡ ማዶ የሰንበቴ ሰዎች እያወሩ ያልፋሉ። እኔ ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ነበር፤ መቅጃውን አልነካሁትም። ሙያተኛነቴ ዘግይቶ ትዝ ሲለኝ አዝራሩን ተጫንኩና ወደ አፋቸው አስጠጋሁት።

«አባ፣ አልቀዳሁትም። አንዴ ይድገሙልኝ።»

ስልኩን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ምነው፣ አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ምኑን ልድገመው» አሉና ተነስተው ምሳ ቀርቦ እንደሆነ ሊጠይቁ ወደ ቤት ገቡ።

ያ ቦታ ፊልሙ ላይ እስካሁን ዝም እንዳለ ነው። በእኔ ድምፅ ልሙላው ብዬ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ነበር፤ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ላድለው ሆዴ እንቢ አለኝ። እናም መምህሩ አባትየው የሚናገረው ጠፋው ብለው በየቅዳሜው ቢያነሱት፣ ደውዬ አልከራከራቸውም።