አባቴ ናቡቴን ሲያነብ

ባለፈው ሳምንት ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ ስነዳ ወደቡ አጠገብ ትራፊኩ ቆመ። ዝናብ ያካፋል። ከጎኔ የቆመው የኮንቴይነር መኪና ሹፌር ሸበቶ ሐበሻ ነበር፤ ብርቱካን እየላጠ ይበላል። የአባቴም ጋቢና ሁልጊዜ ብርቱካንና ናፍጣ ይሸት ነበር።

እሱ ላይ ግፍ የደረሰው እኔ ሃይስኩል ልጨርስ ስል ነው። አባቴ ወደቡ ላይ ለአንድ ትንሽ የጭነት ድርጅት ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከኮንቴይነር ውስጥ ዕቃ ጠፋ። የወሰደው የአለቃው ወንድም መሆኑን ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ግን ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ቤታችን በዓል የበሉ ሰዎች፣ "ማሸጊያውን ሲሰብር አይተነዋል" ብለው በአባቴ ላይ መሰከሩ። ያንኑ ቀን ከሥራ ፋየር ተደረገ። ሌሎች ድርጅቶችም ወሬውን ሰምተው በር ዘጉበት።

እሁድ ከሰዓት ኤል ሴሪቶ ከተማ፣ በሚያስተምሩን በጋሽ መስፍን ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበረን። ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሳሎኑ እርጥብ ጫማ ይሸታል፤ ሻይና የምስር ሳምቡሳ ቀርቧል። የዕለቱ ንባብ የናቡቴ ታሪክ ሆነ። የአባቶቹን የወይን ቦታ ለንጉሥ አክዓብ አልሰጥም በማለቱ፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ተነሥተውበት በድንጋይ የተወገረው ሰው። አሁን ስለ አባዬ ሊነገር ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሽ መስፍን ደግ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውም ለስላሳ። "የወይኑ ቦታ ልባችን ነው" አሉ። "አክዓብ ደግሞ በውስጣችን የተቀመጠው ምኞት። እስቲ ሁላችንም በየራሳችን ውስጥ እንፈልገው።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። ሻዩን እንኳ አልነካም።

መኪና ውስጥ ስንገባ አልቻልኩም። "አባዬ፣ ኢትስ ኖት ፌር! አንተ'ኮ ናቡቴ ነህ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ግን ናቡቴ ከሆንኩ ምን ቀረኝ? ናቡቴ ሞተ፣ አለቀ። ነቢዩ እንኳ አክዓብን ሊገሥጽ የመጣው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነው። አክዓብ ከሆንኩ ግን ንስሐ እገባለሁ። አክዓብ ሲጾምና ሲያዝን እግዚአብሔር ሰምቶታል።"

ከዚያ ወዲያ ጥፋት ፍለጋ ወደ ውስጡ ገባ። ይጾማል፤ በልጅነቱ የዋሸውን፣ በሰው የቀናውን ሁሉ እያወጣ ያለቅሳል። ከሳ። አንድ እሁድ ሁለቱ መስካሪዎች ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ሄዶ ይቅርታ የጠየቃቸው እሱ ነው፤ እነሱን በመጥላቱ። እነሱም "ይቅር ብለንሃል" አሉት። እናቴ ፊቷን አዞረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ፤ ስሙን ማንም አላጸዳለትም።

ዛሬ እኔ እሱ በሞተበት ዕድሜ ላይ ነኝ። እንደ እሱ ወደ ውስጥ ለማንበብ ሞክሬአለሁ፤ ቅናቱንም ስስቱንም በራሴ ውስጥ አላጣሁም፣ እውነት ነው። ግን የራሴን ጥፋት ባገኘሁ ቁጥር የእነዚያ ሰዎች ጥፋት አልቀነሰልኝም። ለአባቴ የቀነሰለት ይመስለኝ ነበር። አሁን አሁን ግን፣ ያን ያህል ያለቀሰው ለእሱም ስላልቀነሰለት ይሆናል እላለሁ።